«የባሪያ ወታደር» ወይስ «ማምሉክ»?

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ ባዘጋጀሁት ማስታወሻ ላይ «የግብፅ ሱልጣኖች የባሪያ ወታደሮችን ከቂፕቻቅ ምድርና ከካውካሰስ ይመለምሉ ነበር» ብዬ ጻፍሁ። አንድ ባልደረባዬ «የባሪያ ወታደር» የሚለው አነጋገር ያልተስተካከለ ነው፣ በጥንቱ ቃላችን «ጨዋ» ማለት ይበቃል አለኝ። ሌላው ደግሞ እነዚህ ሰዎች ተገዙ እንጂ ተመለመሉ አይባልም ሲል ተከራከረኝ። ምን ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦ የሁለተኛው ባልደረባዎ ክርክር የነገሩን ሥር ስለሚነካ በስፋት እሄድበታለሁ። አስቀድሜ ግን ስሙን ላንሣ። «የባሪያ ወታደር» በሰዋስዋችን ዘርፍና ባለቤት ነው። «የንጉሥ ወታደር» ሲባል ወታደሩ የንጉሡ እንደ ሆነ ሁሉ፣ «የባሪያ ወታደር» ሲባልም ሰሚው በቅድሚያ የሚረዳው ጌታው ባሪያ የሆነን ወታደር ነው። እርስዎ ሊሉ የፈለጉት ግን ወታደሩ ራሱ ባሪያ መሆኑን ነው፤ ስለዚህ «የ» ወጥቶ «ባሪያ ወታደር» ቢባል ሐሳቡ ይቀናል።

ስለ ግብፅና ስለ ሶርያ በሚጻፍበት ጊዜ ግን ከዚህም ይልቅ «ማምሉክ» የሚለውን ስም እመርጣለሁ። ቃሉ ከዐረብኛው «መለከ» የወጣ ሲሆን «ባለቤት ያለው፣ በንብረትነት የተያዘ» ማለት ነው፤ «አምላክ» የተገኘበት የግዕዙ «መለከ»ም የዚሁ ሥር ነው። በዚያ ዘመን ዐረብኛ «ዐብድ» በአብዛኛው ለጥቁር ባሪያ፣ «ማምሉክ» ደግሞ በተለይ ለጦር ለሚገዛ ነጭ ባሪያ የሚነገር ነበር። በእኛ አገር «ባሪያ» የሚለው ቃል በመራራው የባሪያ ንግድ ታሪክ ምክንያት ቆዳቸው በጠቆረ ወገኖቻችን ላይ የሚወረወር ስድብ ሆኖ ኖሯል። ተማሪው ቃሉን ያለ ማብራሪያ ካነበበ የግብፁን ማምሉክ ሱልጣን የባይባርስን መልክ በአእምሮው አሳስቶ ይስላል። ባይባርስ ከጥቁር ባሕር በስተ ሰሜን ባለው ሜዳ ይኖር ከነበረው ከቂፕቻቅ ቱርክ ሕዝብ ነበር፤ በ1382 (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በግብፅ ሥልጣን የያዘው ባርቁቅም ሰርካሲያዊ፣ ማለት ከካውካሰስ ሕዝቦች የአንዱ ወገን፣ ነበር። ከእኛ ምድር የተወሰዱም አልጠፉም፤ በየመኗ ዘቢድ በ1022 የራሱን ሥርወ መንግሥት የመሠረተው ነጃሕ ሐበሻ ባሪያ ነበር። ስለ እርሱና ስለ ወገኖቹ ሲጻፍ «ሐበሻ ባሪያ ወታደሮች» ማለት ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ግሡ ልምጣ። «መለመለ» የዛፍ ቅርንጫፍ ከመመልመል ተነሥቶ ከብዙዎች መካከል መምረጥ ወደሚለው ፍቺ ያደገ ቃል ነው። «ምልምል ወታደር» ስንል ተገድዶ ቢገባም እንኳ የሚዘምትለት አገር ልጅ እንደ ሆነ እናስባለን። የእነዚህ ሰዎች ነገር ግን ከመነሻው የተለየ ነው። የእስልምና ሕግ ሙስሊም ሆኖ የተወለደውንም ሆነ በሙስሊም መንግሥት ጥበቃ ሥር የሚኖረውን ክርስቲያንና አይሁዳዊ በባርነት መያዝን ስለሚከለክል፣ ልጆቹ ከግዛቱ ውጭ መምጣት ነበረባቸው። ገዢዎቹም የፈለጉት ይህንኑ ነበር፤ በአገሩ ዘመድና ጎሣ የሌለው ብላቴና ከገዛው ጌታ በቀር የሚጠጋበት የለውምና። መናገሻው ባግዳድ የነበረው የዐባሲድ ሥርወ መንግሥት ኸሊፋ አል-ሙዕተሲም (833–842) ከመካከለኛው እስያ ያስመጣቸው ቱርኮች ከባግዳድ ሕዝብ ጋር ስላልተስማሙ በ836 መናገሻውን ወደ ሳመራ አዛወረ። ይሁን እንጂ ታማኝነታቸው ለገዛቸው ሰው እንጂ ለዙፋኑ አልነበረም፤ በ861 ልጁን አል-ሙተወኪልን የገደሉት እነዚሁ የቱርክ ወታደሮች ናቸው።

በግብፅ ሱልጣን አል-ሷሊህ አዩብ (1240–1249) ቂፕቻቆችን በብዛት ሊገዛ የቻለው የሞንጎሎች ወረራ የቂፕቻቅን ሕዝብ በትኖ ልጆቹን በገበያ ላይ ስላፈሰሳቸው ነበር። በዓባይ ወንዝ ውስጥ ባለችው በረውዳ ደሴት ስላሰፈራቸውም «ባሕሪያ» ተባሉ። ከእርሱ ሞት በኋላ፣ በ1250፣ ወራሹን ገድለው ሥልጣኑን ራሳቸው ያዙ። በዚህ ጉዞ ውስጥ እያንዳንዱ ደረጃ የየራሱ ግሥ አለው፦ ልጁ ተማረከ ወይም በባሪያ ፈንጋይ ተፈነገለ፣ ወይም ቤተሰቡ ሸጠው፤ ነጋዴው አሻገረው፤ ሱልጣኑ ወይም አሚሩ (የጦር አዛዡ) ገዛው፤ በጦር ሰፈሩ ሃይማኖትና የፈረስ ውጊያ ተማረ። ሁሉን በ«ተመለመለ» መጠቅለል ሽያጩን ከታሪኩ ይሰውረዋል፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይህ ነው። ዋጋው በስም ላይ እስከ መቅረት የደረሰበትም ጊዜ ነበር፤ ሱልጣን ቀላዉን «አል-አልፊ» የተባለው በሺህ ዲናር ስለ ተገዛ ነው። (የዐረቡ «አልፍ» ሺህ፣ የእኛ «እልፍ» ግን ዐሥር ሺህ መሆኑን ልብ ይሏል።)

የኦቶማኖቹ «ደቭሺርሜ» ግን ግዢ አልነበረም። መንግሥቱ በባልካን ከሚገዛቸው ክርስቲያኖች ልጆቻቸውን ለጦርና ለቤተ መንግሥት አገልግሎት ይወስድ ስለ ነበር ከላይ ካነሣሁት የሃይማኖት ሕግ ጋር የሚጋጭ አሠራር ነው። የቱርክኛው ቃል ትርጉም «መሰብሰብ» ነው። ብዙዎች «አፈሳ» ብለው ሲተረጉሙት አያለሁ፤ ነገር ግን ልጆቹ በመዝገብ እየተጻፉ፣ እየተመረጡ ስለሚወሰዱ «ለቀማ» ይበልጥ ይስማማዋል።

ማምሉኩ ሥልጠናውን ሲጨርስ አርነት ይወጣ ነበር፤ ስለዚህ «ባሪያ ሱልጣን» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው። በነጻነት የተወለዱት ልጆቹ ግን እንደ ደንቡ የአባታቸውን ማዕረግ አይወርሱም፤ በዚህ ምክንያት ግዢው በየትውልዱ ይቀጥላል።

«ጨዋ»ን በተመለከተ የባልደረባዎን ዕውቀት አከብራለሁ። በግዕዝ «ፄዋ» ምርኮ ማለት ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በየጠረፉ የሰፈሩት «ጨዋ» የተባሉ ጭፍሮች ስማቸውን ከዚህ እንዳገኙና መነሻቸውም ምርኮኞች እንደ ነበሩ የሚያስረዱ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ሆኖም ቃሉ የአንድ የተወሰነ የኢትዮጵያ ሠራዊት ስም ነው። ከዚህም በላይ የዛሬ ተማሪ «ጨዋ» ሲባል የሚሰማው ሥነ ምግባር ያለውን ሰው ነው። ለካይሮ ሠራዊት ቢሰጥ ሁለቱም ታሪኮች ይደበላለቃሉ።

ስለዚህ ዐረፍተ ነገርዎን እንዲህ ቢያርሙት እመክራለሁ፦ «የግብፅ ሱልጣኖች ከቂፕቻቅ ምድርና ከካውካሰስ የተወሰዱ ብላቴኖችን ከነጋዴዎች እጅ መርጠው እየገዙ፣ አሠልጥነውም አርነት እያወጡ፣ ማምሉክ የተባለውን ሠራዊታቸውን ያደራጁ ነበር።»