ፍየል ቅርፊቱን ዙሪያውን የላጠችው አቮካዶ ይተርፋል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ፍየሏ የአቮካዶሽን ግንድ ዙሪያውን ልጣዋለች፤ ሳምንታት አልፈዋል፤ ቅጠሉ ግን ለምለም ነው። «ደህና ነው ማለት ነው? ወይስ ማዳበሪያ ልጨምርበት?» ብለሻል። ደህና አይደለም። ግን ቶሎ ከደረሽለት ሊተርፍ ይችላል። ማዳበሪያው ይቅርብሽ።

ለምን እንዳልጠወለገ ልንገርሽ። ዛፍ ውስጥ ሁለት መንገድ አለ። ውሃና በውሃው የሟሟው የአፈር ማዕድን ወደ ላይ የሚወጣው በእንጨቱ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤት ዛይለም ያሉን እሱ ነው። የዛይለም ቱቦዎች የሞቱ፣ ውስጣቸው ባዶ የሆነ ሕዋሳት ናቸው። ውሃውን በዋናነት የሚስበው ቅጠሉ ነው። በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውሃ በተነነ ቁጥር ከሥሩ ያለው ተስቦ ይተካል። የውሃ ሞለኪውሎች አጥብቀው ስለሚያያዙ አንዱ ሌላውን እስከ ሥር ድረስ ይጎትተዋል። ዲክሰንና ጆሊ የተባሉ የአየርላንድ ተመራማሪዎች ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1894 አቀረቡት። ካሊፎርኒያ ውስጥ 115 ሜትር ገደማ የሚረዝም ዛፍ ጫፉ ድረስ ውሃ የሚያገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ፍየሏ እንጨቱን አልነካችም። ስለዚህ ውሃው እስካሁን ይወጣል።

የተቆረጠው ሁለተኛው መንገድ ነው፤ ፍሎየም። እሱ ያለው ቅርፊቱ ውስጥ ነው። ቅጠሉ የሠራው ስኳር ወደ ሥር የሚወርደው በዚያ ነው። ሥር ብርሃን ስለማያገኝ ራሱን አይመግብም። ከላይ የሚላክለት ሲቀር ያጠራቀመውን እየበላ ይቆያል። ያ ሲያልቅ ሥሩ መሞት ይጀምራል፤ ውሃ የሚልክም አይኖርም። ቅጠሉ የሚጠወልገው ያኔ ነው። ያን ጊዜ መሮጥ ብዙም አይጠቅምም። ማዳበሪያው ይቅርብሽ ያልኩሽም ለዚህ ነው፦ ሥር ማዕድን ለመሳብ ጉልበት ይፈልጋል፤ ጉልበቱ ደግሞ ከዚያው ስኳር ነው።

አንድ ነገር እንዳያታልልሽ። ከቁስሉ በላይ ግንዱ ሊያብጥ ይችላል። መውረጃ ያጣው ስኳር እዚያ ስለሚከማች ነው። ማልፒጊ የተባለው ጣሊያናዊ ሐኪም ገና በ17ኛው መቶ ዘመን ቅርፊት በቀለበት ልጦ ይህንኑ እብጠት አይቷል። ዛፉ በዚያ ዓመት ከወትሮው በላይ ሊያብብም ይችላል። ጎረቤት «ተሻለው» ሲል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አልተሻለውም።

አሁን ወደ ግንዱ ሂጂና በደንብ እዪው። ሁለት ጣት የምታህል ቅርፊት እንኳ ከላይ እስከ ታች ሳትቋረጥ ከቀረች ተስፋ አለው። ቁስሉን ከፀሐይ ከልዪለት፤ ዙሪያውን እጠሪለት። ሙሉ በሙሉ ከተላጠ ግን ስኳሩ ቁስሉን ተሻግሮ የሚወርድበት ድልድይ ከቅርንጫፍ መሥራት ነው። እኔ በግቢያችን ሎሚ ላይ ሠርቼዋለሁ፤ ይዟል።

ከራሱ ከዛፉ እርሳስ የሚያህል ጤነኛ ቅርንጫፍ ቁረጪ፤ ከቁስሉ ትንሽ ይርዘም። ቅጠሉን አራግፊ። ሁለቱንም ጫፍ እንደ ሽብልቅ ጥረቢው። ከቁስሉ በታችም በላይም ጤነኛውን ቅርፊት ሰንጥቀሽ ጫፎቹን በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል አስገቢ። ቅርፊቱና እንጨቱ የሚገናኙበት ያ የሚያሟልጭ ስስ ሽፋን፣ ካምቢየም፣ ከካምቢየም ጋር መገጣጠም አለበት። ሁሉም ነገር የሚያያዘው እዚያ ላይ ነው። ቅርንጫፉ እንዳይገለበጥ! ታች የነበረው ጫፉ ታች ይሁን። በፕላስቲክ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪ፤ ክፍተቱን በሰም ድፈኚ። ለአንድ ግንድ ሁለት ሦስት አድርጊለት። ድልድዩ ላይ የሚያቆጠቁጠውን እየቀነጠብሽ ጣይ። ይህ የሚሳካው ዛፉ አዲስ ቅጠል እያወጣ፣ ቅርፊቱ በቀላሉ በሚላቀቅበት ወቅት ነው። ውሃ በልክ አጠጪ፤ የተዳከመ ሥር ረግረግ ውስጥ ቶሎ ይበሰብሳል።

ዛፉ የተዳቀለ ከሆነ፣ ማለትም የአንዱ ዝርያ ቅርንጫፍ በሌላው ግንድ ላይ ተያይዞ ያደገ ከሆነ፣ ደግሞ የተዳቀለበትን ቦታ ፈልጊ። ላዩ ቢሞትና ከዚያ በታች ቢያቆጠቁጥ የሚያድገው ከላይ የተዳቀለው ዝርያ ሳይሆን የታችኛው ነው። እሱንም ቢሆን አትንቀዪው፤ ጠንከር ሲል እንደገና ይዳቀልበታል።

የቁስሉን ፎቶ ከአራቱም አቅጣጫ ለጥፊልን። ግንዱ ምን ያህል እንደሚወፍርም ጻፊ፤ ስንት ድልድይ እንደሚበቃው አብረን እናያለን።