ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ወገቤ ነው ወይስ ኩላሊቴ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ41 ዓመት ሰው ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነው የምውለው። ከአራት ወር ወዲህ ወገቤን ያመኛል፤ አንዳንዴ ወደ ቀኝ መቀመጫዬ ይወርዳል። ብዙ ከተቀመጥኩ ይብሳል፣ ስንቀሳቀስ ቀለል ይለኛል። ሽንት ሁለቴ ተመርምሬ ምንም የለም ተብያለሁ። ዳይክሎፌናክ ስወስድ ይሻለኛል፣ ስተወው ይመለሳል። ውሃም በደንብ እጠጣለሁ። ኩላሊቴ እየተጎዳ ይሆን?

መልስ፦ ከሕመሙ ይልቅ ያስጨነቀዎት የኩላሊት እጥበት ነገር ይመስለኛል። ከጻፉልኝ ተነስቼ ስናገር፣ ሕመሙ የኩላሊት አይመስልም።

እስቲ እጅዎን የሚያምዎት ቦታ ላይ ያድርጉ። ቀበቶዎ አካባቢ አረፈ አይደል? ኩላሊት ከዚያ ከፍ ብሎ፣ ከታችኞቹ የጎድን አጥንቶች ሥር ነው ያለው። ወገቡን የያዘው ሰው ሁሉ ግን «ኩላሊቴን» ይላል። ጠጠር ቢሆን ቁጭ ብድግ ያሰኝዎት ነበር፤ እንዴትም ቢሆኑ ፋታ አይሰጥም፣ ወደ ብሽሽትም ይወርዳል። ኢንፌክሽን ቢሆን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይኖራል፣ ሽንትም ሊያቃጥል ይችላል። ቀስ እያለ የሚደክም ኩላሊት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጭራሽ አያምም። ለዚህ ነው ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ምንም ሳያመው መመርመር ያለበት። የእርስዎ ሲቀመጡ ይብሳል፣ ሲንቀሳቀሱ ይቀላል። ኩላሊት ወንበር ላይ መቀመጥዎን አያውቅም!

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። አራት ወር ዳይክሎፌናክ? ማን አዘዘልዎት? ለኩላሊትዎ እየፈሩ፣ ኩላሊት የሚጎዳ ክኒን በገዛ እጅዎ ይውጣሉ። ይህ መድኃኒት ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፣ ጨጓራ ያቆስላል፣ ግፊትም ከፍ ያደርጋል። ለጥቂት ቀን፣ ሐኪም አይቶ ሲያዝዝ ጥሩ ነው። እንደ ቁርስ በየቀኑ አይወሰድም። ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙት። የሽንቱ ውጤት ብቻውን አይበቃም፤ ኩላሊት ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳየውን፣ ክሪያቲኒን የሚባለውን የደም ምርመራ ያሠሩ፣ ግፊትዎንም ይለኩ። ውሃው መልካም ነው፤ ወገብ ግን አያድንም።

አይደንግጡ ታዲያ። ጉዳት ቢገኝ እንኳ፣ ቶሎ ከተደረሰበት ክኒኑን በማቆም ብቻ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል።

ወገብዎን የሚያመው በአብዛኛው ጡንቻ፣ ጅማትና መገጣጠሚያ ነው፤ ዲስክም (በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ) ሊኖርበት ይችላል። ኤምአርአይ ለመነሳት አይቸኩሉ። ምንም የማያማቸው ሰዎችም ሲነሱ «ዲስክ ወጥቷል» ይባላሉ፣ ከዚያ ጭንቀቱ ነው የሚያማቸው። አራት ወር ግን ቀላል ጊዜ አይደለምና አንድ ሐኪም በእጁ ይመርምርዎት። ከወንበርዎ ቶሎ ቶሎ ይነሱ፣ በየቀኑ ይራመዱ። የሆድና የጀርባ ጡንቻ ማጠንከሪያውን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያሳይዎት። ተኝቶ መዋል ያብሰዋል። ለውጡ የሚመጣው በሳምንታት ነው፤ በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ብለው ወደ ክኒኑ እንዳይመለሱ።

ሽንት እምቢ ካለዎት ወይም ካመለጠዎት፣ በጭኖችዎ መሃል ከደነዘዘዎት፣ ወይም እግርዎ ከከዳዎት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ነርቭ ተጭኗል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ከቆየ ላይመለስ ይችላል። እኩለ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ እንጂ እስኪነጋ አይጠብቁ።