ጫካው የግዞት ቦታ ብቻ ነው?

ጥያቄ፦ በሁለቱ ታላላቅ የሳንስክሪት ገድሎች፣ በራማያናና በማሃባራታ፣ ጀግኖቹ ቤተ መንግሥት አጥተው ጫካ ይገባሉ። ጫካው መቀጫ ቦታ ብቻ ነው ወይስ ሌላ ሚና አለው? ገድሎቹ በጣም ረጃጅም ስለሆኑ የትኛውን ክፍል ባነብ ይሻለኛል?

መልስ፦ ከመቀጫነት እጅግ ያልፋል። የራማያናው ጀግና የራማ ግዞት 14 ዓመት ነው፤ የማሃባራታ ጀግኖች የሆኑት አምስቱ ወንድማማች የፓንዱ ልጆች የጫካ ዘመን ደግሞ 12። የገቡበት ጫካ ግን ነዋሪ አለው፤ መናንያን፣ አራዊት፣ ራክሻሳ የሚባሉ ጭራቆች። በዳንዳካ ጫካ ሚስቱ ሲታ ራማን፣ ባልበደሉት ላይ መሣሪያ እንዳያነሣ ትመክረዋለች። ስትጠለፍበት ደግሞ ራማ ዛፎቹን በየስማቸው እየጠራ "አይታችኋታል?" ይላል።

የጫካው ክብደት ጎልቶ የሚታየው ግን በማሃባራታ ነው። የእሳት አምላክ አግኒ የካንዳቫን ጫካ ሊበላ ይነሣል። የዝናብ አምላክ ኢንድራ ዝናብ ሲያወርድ ከፓንዱ ልጆች አንዱ የሆነው አርጁና ዝናቡን በቀስት ናዳ ያግደዋል፤ ከወዳጁ ከክሪሽና ጋር ሆኖም የሚያመልጠውን ይገድላል። ተራኪው ምንም አይሸፍንም፦ የኩሬው ውኃ ፈልቶ ዓሣና ኤሊው ያልቃል፤ ልጁን ጥሎ መሸሽ ያልሆነለት እንስሳ ልጁን እንዳቀፈ ይቃጠላል። የተረፉት ስድስት ብቻ ናቸው፤ አራት የወፍ ጫጩቶች፣ አንድ እባብና ማያ የተባለው የግንባታ ጠቢብ።

ማያ ለሕይወቱ ውለታ በፓንዱ ልጆች መዲና በኢንድራፕራስታ ድንቅ አዳራሽ ይሠራል። የአጎታቸው ልጅና ተቀናቃኛቸው ዱርዮዳና በዚያ አዳራሽ ወለሉንና ውኃውን መለየት አቅቶት ይሳቅበታል፤ በቅናት ይነድዳል፣ የቁማር ጨዋታ ያስነሣል፣ የፓንዱ ልጆችም ተሸንፈው ወደ ጫካ ይሰደዳሉ። ጫካ ያስቃጠለው ወገን የጫካ ጥገኛ ሆነ ማለት ነው። ይህን ሰንሰለት ያላስተዋለ አንባቢ ቃጠሎውን እንደ ተራ የጀብዱ ታሪክ ያልፈዋል።

በጫካውም ሳሉ የድቫይታ ጫካ አጋዘኖች በታላቅ ወንድማቸው በዩዲሽቲራ ሕልም እያለቀሱ ይመጣሉ፦ ከዘራችን የቀረነው ጥቂት ነን፣ ሌላ ቦታ ሂዱልን ይሉታል። እሱም እውነታቸውን ነው ብሎ ወንድሞቹን ይዞ ወደ ካሚያካ ጫካ ይዛወራል። ለኔ ከገድሉ ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል፤ ንጉሥ ለአዳኙ ሳይሆን ለታዳኙ ይፈርዳል።

ስለዚህ በመጀመሪያ የማሃባራታን 1ኛ መጽሐፍ መጨረሻ፣ ቀጥሎ የ2ኛውን የአዳራሽና የቁማር ክፍል፣ ከዚያ በ3ኛው የአጋዘኖቹን ሕልም ያንብቡ። ከራማያና 3ኛው መጽሐፍ ይበቃዎታል። አጭር እትም ከመረጡ ሕልሙ መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ በጣም አጭር ስለሆነ በቀላሉ ይዘለላል።