የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሰላዩ ዝም ሲል ትራምፔቱ ያወራል

ጥያቄ፦ ሰላም የዝግጅት ክፍሉ። ሀዋሳ የምኖር የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የወሩን ሂሳብ ስዘጋ ጆሮዬ ላይ የማደርገው የስለላ ፊልሞችን፣ የጀምስ ቦንድን፣ የሚሽን ኢምፖሲብልን፣ የቦርንን ማጀቢያ ሙዚቃ ነው። ፊልሙን አላየውም፣ ሙዚቃውን ብቻ ነው የምሰማው። የሥራ ባልደረቦቼ "ግጥም የሌለው ሙዚቃ ምኑ ይሰማል?" ይሉኛል። መልስ አጣሁላቸው። ደግሞስ ሁሉም ነገር በኮምፒዩተር በሚሠራበት ጊዜ ለአንድ የማሳደድ ትዕይንት ያን ሁሉ ቫዮሊንና ትራምፔት መሰብሰብ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ደስ አለኝ፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የዚህ ሙዚቃ ወዳጅ ነኝ። ሰፈራችን ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበር። የመግቢያ ሳንቲም ያጣን ቀን ከግድግዳው ውጭ ቁጭ ብለን እናዳምጣለን። ምስል የለም፣ እንግሊዝኛውም አይገባንም። ግን ቫዮሊኑ ቀስ ብሎ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አንድ ሰው የሆነ ቦታ ተደብቆ እየጠበቀ እንደሆነ እናውቃለን፣ ትራምፔቶቹ አንድ ላይ ሲጮሁ ደግሞ "አመለጠ!" ብለን ከተቀመጥንበት እንነሳለን። ሌላ ቀን ሳንቲም አግኝተን ስንገባ፣ ውጭ ሆነን የገመትነው ብዙውን ጊዜ ልክ ነበር።

ሰላይ ሥራው መደበቅ ነው። ስሙ የውሸት ነው፣ ፊቱ አይነበብም፣ ቢፈራም ፈራሁ አይልም። ታዲያ ተመልካቹ የሰውዬውን ሆድ በምን ይወቅ? በኦርኬስትራው ነዋ! እሱ የዋጠውን ሁሉ ሙዚቃው ያወጣዋል። በሌላ ዓይነት ፊልም ተዋናዩ አልቅሶ ወይ ተናግሮ የሚጨርሰውን ነገር እዚህ ቼሎና ሆርን የሚባሉት መሣሪያዎች ይሸከሙታል። ለዚህ ነው ያለ ፊልሙም የሚሰማው፤ ታሪኩ ግማሹ እዚያው ሙዚቃው ውስጥ ነው ያለው።

የቦንድን መለያ ሙዚቃ ውሰጂ። በካሴት ዘመን ሽፋኑ ላይ "ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ" ተብሎ ለየብቻ ይጻፍ ነበር አይደል? እዚህም እንደዚያው ነው። ዜማው የሞንቲ ኖርማን ነው፣ ቅንብሩ የጆን ባሪ፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1962 ከዶክተር ኖ ፊልም ጋር። ኖርማን ዜማውን ያመጣው ለመድረክ ጽፎት ሳይታይ ከቀረ የራሱ ሥራ ነው። ባሪ ደግሞ የቪክ ፍሊክን ጊታር ፊት አስቀምጦ ከኋላው የነሐስ መሣሪያዎቹን ለቀቀበት። "የማን ነው?" የሚለው ክርክር ለንደን ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ2001 ኖርማን ረትቷል። እኔ ግን ቅንብሩን ስሰማ የባሪ እጅ ይታየኛል። አባቱ በሰሜን እንግሊዝ ሲኒማ ቤቶች ነበሯቸው፣ ልጁ ፊልም እያየ አደገ፣ ትራምፔትም ተማረ። በኋላ 11 የቦንድ ፊልሞችን ሲሠራ ትራምፔትና ትሮምቦን ለምን እንደዚያ እንደሚያገሱ ከዚህ ይገባሻል።

አሁን ፒያኖ ወይም ኪቦርድ ካገኘሽ አንድ ነገር ሞክሪ። ከቦንድ ሙዚቃ ሥር የሚሽከረከረው ድምፅ ጥቁሩም ነጩም ተቆጥሮ ጎን ለጎን ያሉ ሦስት ቁልፎች ብቻ ነው። አንድ ግማሽ ድምፅ ይወጣል፣ ሌላ ግማሽ ድምፅ ይወጣል፣ ከዚያ አንዱን ይመለሳል። ሌሊት ደረጃ ላይ እየተሹለከለከ ኮቴ ሰምቶ እንደሚያፈገፍግ ሰው። በእኛ በትዝታም፣ በባቲም፣ በአምባሰልም፣ በአንቺሆዬም ሁለት ግማሽ ድምፅ ተከታትሎ አይመጣም። ገና ሲጀምር "እዚህ አንድ ነገር አለ" ብለን ጆሯችንን የምናቆመው ለዚህ ይመስለኛል።

ስለ ኮምፒዩተሩ፦ እውነት ነው፣ ብዙ ነገር ይሠራል። ባሪ ራሱ ገና በ1969 ሙግ የሚባለውን የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ከኦርኬስትራው ጋር አደባልቆ ተጠቅሞበታል። ስለዚህ ሁለቱ ጠላቶች አይደሉም። ግን ትራምፔት የሚነፋው ሰው ትንፋሽ አለው። ከፍ ያለውን ድምፅ ለማውጣት ሲታገል ትግሉ ይሰማል፣ ከጎኑ ያለው ሌላው ነፊ ደግሞ የፀጉር ስንጥቅ ያህል ይለያል፣ ይህ ሁሉ ጥቃቅን ልዩነት ተደምሮ ነው ያ ደረት የሚመታ ድምፅ የሚፈጠረው። ሕይወቱን ለማዳን የሚሮጥን ሰው፣ ትንፋሹን የሚከፍል ሰው ሲያጅበው ይለያል።

ኦርኬስትራ ማለት ሁልጊዜ ጩኸት ነው ማለትም አይደለም። በ2002 የወጣው የመጀመሪያው የቦርን ፊልም ላይ የጆን ፓወል ሙዚቃ በአንድ ባሱን ይጀምራል። ራሱ ማን እንደሆነ የጠፋበት ሰላይ፣ አንድ ብቸኛ የትንፋሽ መሣሪያ። ቫዮሊኖቹ በኋላ እየተቻኮሉ ይደርሱበታል። በ2006 በወጣው ካዚኖ ሮያል ደግሞ ዴቪድ አርኖልድ የቦንድን መለያ ሙዚቃ ፍንጭ ፍንጩን ብቻ እያቀመሰ ፊልሙን ሙሉ ያቆየዋል። ሰውዬው መጨረሻ ላይ ስሙን ሲናገር ነው ሙሉው የሚለቀቀው። ከሁለት ሰዓት በላይ ታግሰሽ የምትሰሚው ስለሆነ ያስፈነድቃል!

ለባልደረቦችሽ ግን የአልፍሬድ ሂችኮክን የ1956 ፊልም አሳዪያቸው፣ ብዙ የሚያውቀው ሰው የሚል ርዕስ ያለውን። ለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ ውስጥ ኮንሰርት እየተካሄደ ነው። ገዳዩ የሚተኩሰው ሲምባሉ በሚመታበት ቅጽበት ነው፣ ጥይቱ እንዳይሰማ። 12 ደቂቃ ያህል ማንም አይናገርም። መድረኩ ላይ ኦርኬስትራውን የሚመራው የፊልሙ የሙዚቃ ደራሲ በርናርድ ኸርማን ራሱ ነው። ሲምባል መቺው ሁለቱን የነሐስ ሰሃኖች አንስቶ ሲቆም፣ "ግጥም የሌለው ሙዚቃ" ያሉት ሰዎች ምን ያህል ጭጭ እንደሚሉ አይተሽ ጻፊልን።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ የምኖር ተማሪ ነኝ። የሚሽን ኢምፖሲብልን ሙዚቃ እየሰማሁ ላጨበጭብ ስሞክር ምቱ ይጠፋኛል። ችግሩ የኔ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ችግሩ የአንተ አይደለም። አብዛኛው የለመድነው የውጭ ዘፈን በአራት ይቆጠራል፣ የእኛ ጭክጭካ በስድስት። ይሄኛው በአምስት ነው። የደረሰው በ1966 ለቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ሲሆን ደራሲው በ2025 ያረፈው አርጀንቲናዊው ላሎ ሺፍሪን ነው፤ አባቱ በቦነስ አይረስ ቴአትሮ ኮሎን ኦርኬስትራ ቫዮሊን ይጫወቱ ነበር፣ እሱ ደግሞ ጃዝ ፒያኖ። የአባቱ ኦርኬስትራም የእሱ ጃዝም ሙዚቃው ውስጥ አሉ።

በአራት ስታጨበጭብ አንድ ምት ይተርፍሃል፣ እሱ ነው የሚያደናቅፍህ። እንዲህ አድርግ፦ አንድ ሁለት ሦስት፣ አንድ ሁለት ሦስት፣ አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት እያልክ ፈጠን አድርገህ ቁጠር፤ "አንድ" ስትል ብቻ አጨብጭብ። ሁለት ረጅም፣ ሁለት አጭር ይወጣልሃል። በሞርስ የቴሌግራም ፊደል ሁለት ረጅም ኤም ነው፣ ሁለት አጭር አይ ነው፤ በእንግሊዝኛ የሚሽንና የኢምፖሲብል መነሻ ፊደላት።