«ጂን» ከ«ጂኒ» ጋር አይዛመድም

ጥያቄው «የዘር ውርሱ ጂን ከጂኒ ጋር ዝምድና አለው? ዘር ብንለውስ ምን ችግር አለው?» የሚል ነበር።

በቅድሚያ ጂኒውን እናስወጣ። ጂኒ ከዐረብኛ የመጣ ነው። ስሩ «ተሰወረ፣ ተሸሸገ» ማለት ሲሆን ጀነትም፣ ዐረቦች ጽንስን የሚጠሩበት «ጀኒን»ም ከዚያው ስር ይወጣሉ። ሰው የሚሳሳተውም በጀኒን ነው፤ ጽንስና ውርስ ስለሚቀራረቡ ቃላቱም ዘመዳሞች ይመስላሉ። የድምፅ መገጣጠም ብቻ ነው።

የእኛ ጂን ስሩ ግሪክ ነው፦ «ጌኖስ»፣ ማለትም ወገን፣ ትውልድ። የኦክስጅንና የሃይድሮጅን «ጅን»ም ከዚህ ቤተሰብ ነው (ሃይድሮጅን «ውሃ አስገኝ» እንደማለት)። ሆኖም ቃሉ በቀጥታ ከግሪክ አልተቀዳም። ቻርለስ ዳርዊን በ1868 እ.ኤ.አ. «ፓንጄኔሲስ» የሚል መላምት አቀረበ፤ የሰውነት ክፍሎች ሁሉ ጥቃቅን ቅንጣቶችን ወደ መራቢያ አካላት ይልካሉ የሚል። ሆላንዳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሁጎ ደ ፍሪስ በ1889 ከዚያ ላይ «ፓንጄን»ን አወጣ። በ1909 ዴንማርካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ዊልሄልም ዮሃንሰን «ፓን»ን («ሁሉ» ማለት ነው) ቆርጦ ጣለና «ጌን»ን አስቀረ። እኛ ጋ «ጂን» የሆነው በእንግሊዝኛ በኩል ስለገባ ነው።

ቆረጣው ለማሳጠር ብቻ አልነበረም። ዮሃንሰን ራሱን በራሱ ከሚያዳቅል ቦሎቄ እያንዳንዳቸው ከአንድ ፍሬ የወረዱ 19 የዘር መስመሮችን ለይቶ ነበር። ከአንድ መስመር ትልቁን ፍሬም ትንሹንም ለየብቻ ዘርቶ ምርቱን ሲመዝን፣ የልጆቹ አማካይ ክብደት ያው ሆኖ ተገኘ። በፍሬዎቹ መካከል የነበረው ልዩነት የአፈርና የአበቃቀል እንጂ የውርስ አልነበረም ማለት ነው። ስለዚህ በዓይን የሚታየውን «ፌኖታይፕ»፣ የሚወረሰውን «ጂኖታይፕ» ብሎ ለያቸው። «ጂን»ን ደግሞ ከምን እንደተሠራ ሳይናገር፣ ከማንኛውም መላምት ነጻ አድርጎ ተወው። ቃሉ የዳርዊን ቅንጣቶች ውድቅ ሲሆኑ አብሮ ያልወደቀው፣ ዲኤንኤ ሲመጣም ያልተለወጠው ለዚህ ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ «ጄኔቲክስ» የሚለው የሙያው ስም ከ«ጂን» በዕድሜ ይበልጣል፤ እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ዊሊያም ቤትሰን የተጠቀመበት በ1905 ነው። የውርስን ሕግ በአተር ላይ ያጠናው ሜንዴል በ1866 ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ «ጂን» የሚል ቃል የለም።

ወደ «ዘር» እንምጣ። ከግዕዙ «ዘርዐ» የወጣ ነው፤ የሚዘራውን እህል፣ የወንድ ዘርን፣ ልጅ ልጅን፣ የትውልድ ሐረግን፣ ብሔርንም ይሸከማል። «የዘር ለውጥ» ብለው ቢጽፉ አንዱ አንባቢ ምርጥ ዘር፣ ሌላው ፖለቲካ ይመጣበታል። «ውርስ» የመተላለፉ ሂደት ስም ስለሆነ አይቆጠርም፤ ጂን ግን «ሦስት ጂኖች» ተብሎ ይቆጠራል። «ዘረመል» ጥሩ ቃል ነው፤ ችግሩ አንዱ ለጂን፣ ሌላው ለጄኔቲክስ፣ ሦስተኛው ለዲኤንኤ ማዋሉ ነው። አንዱን መርጠው እስከ መጨረሻው ይዝለቁበት።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ግን ሦስት ነገሮችን «በዘር የመጣ» ብሎ መጠቅለል ነው። በሳንባ ሕዋስ ውስጥ በሕይወት ዘመን የተፈጠረ የጂን ለውጥ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል፤ ለልጅ ግን አይተላለፍም። እናት በእርግዝና ሩቤላ የተባለ የቫይረስ በሽታ ከያዛት ልጁ መስማት ተስኖት ሊወለድ ይችላል፤ አብሮት ተወለደ እንጂ አልወረሰውም። «በዘር የሚተላለፍ» የሚባለው ለውጡ በእንቁላሉ ወይም በወንዱ ዘር በኩል ለልጅ ሲደርስ ብቻ ነው።