መልስ፦ ዊንዶውስ 98 ላይ ኪቦርዱ ለሚደርቅብህ

ወንድሜ፣ በአባትህ የድሮ ኮምፒውተር የአማርኛ መጻፊያው ሲከፈት ኪቦርዱ ይደርቃል ብለሃል። አይዞህ፣ ኪቦርዱ ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል። ባሕር ዳር ጊዮርጊስ አካባቢ ጽሕፈት ቤት ስሠራ ይኸው ገጥሞኛል፤ ሁለት የአማርኛ መጻፊያዎች አብረው ተነሥተው አንዱን ቁልፍ ይሻሙበት ነበር።

ኮምፒውተሩ ሲነሣ ኤፍ8 ተጭነህ በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ በሚነሣበት መንገድ) ግባ። እዚያ በደንብ ከጻፈ ጥፋቱ የፕሮግራም ነው፤ ስታርት ሜኑ ውስጥ ባለው ራን ላይ ኤምኤስኮንፊግ (msconfig) ብለህ ጻፍና፣ ስታርትአፕ በሚለው፣ አብረው የሚነሡት ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ የአንዱን መጻፊያ ምልክት አንሣና እንደገና አስነሣው።

አደራህን ግን ፎንቱን፣ የፊደሉን ቅርጽ የያዘውን ፋይል፣ እንዳታጠፋ! የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደሎች ሁሉ አንድ የጋራ ኮድ የሚሰጠው ደረጃ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፕሮግራም ፊደሉን በራሱ ኮድ ነበር የሚያስቀምጠው። ፎንቱ ከጠፋ የአባትህ ጽሑፍ ሁሉ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታይሃል። ከሁሉ በፊት ሰነዶቹንም ፎንቱንም ሌላ ቦታ ቅዳቸው።