ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ልጄ ስልክ ነጥቆ ተይዟል፤ ይታከም ወይስ ከቤት ይራቅ?

ጥያቄ፦ ከአዘዞ የምጽፍልዎ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ከትምህርት ቤት እየቀረ ከእርሱ ከሚበልጡ ልጆች ጋር መዋል ጀመረ። በመጀመሪያ ከቦርሳዬ ገንዘብ ይወስድ ነበር፤ በቅርቡ ግን ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የሰው ስልክ በመንጠቁ በፖሊስ ተይዞ በዋስ ወጥቷል። አባቱ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ብዙ ጊዜ ቤት የለም፤ ሲመጣ ይገርፈዋል፣ አሁን ደግሞ መተማ ለሚኖረው ወንድሙ እሰጠዋለሁ ብሏል። እኔ ጠበል አስጠምቄዋለሁ። ለእንዲህ ያለው ጠባይ መድኃኒት አለው? ወይስ ከጓደኞቹ መራቁ ይሻለዋል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስርቆትን የሚያስተው ክኒን የለም። ሕክምና ግን አለ፤ ለዚህ ዓይነቱ ችግር ደህና ማስረጃ ካላቸው ሕክምናዎች አብዛኞቹ ደግሞ ልጁን ለብቻው አስቀምጠው የሚያናግሩ ሳይሆኑ ወላጆቹን፣ ትምህርት ቤቱንና ውሎውን ይዘው የሚነሱ ናቸው። ስለ መተማው አሳብ የምለውን ከታች እመለስበታለሁ፤ እስከዚያው ግን ባለቤትዎ ልጁን ይዘው እንዳይሄዱ ይለምኗቸው።

በዚህ ጉዳይ ስሙ ብዙ ጊዜ የሚጠራው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስኮት ሄንገለር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ በሜምፊስ ጀምሮ በኋላ በደቡብ ካሮላይና የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ያሳደገው ሕክምና መልቲሲስተሚክ ቴራፒ ይባላል። መነሻው ቀላል ነው፦ የልጅን ጠባይ ቤቱ፣ ጓደኞቹ፣ ትምህርት ቤቱና ሰፈሩ በአንድነት የሚሠሩት ከሆነ፣ ከእነዚህ አንዱን ብቻ ነክቶ ሌላውን መተው ብዙ አይጠቅምም። ስለዚህ ባለሙያው ቤተሰቡን ወደ ቢሮው አይጠራም፤ ራሱ ወደ ቤታቸው ይሄዳል፣ በማንኛውም ሰዓት ሲደወልለት ይደርሳል፣ ሥራው ከሦስት እስከ አምስት ወር ይፈጃል፣ በአንድ ጊዜ የሚይዘውም ከአራት እስከ ስድስት ቤተሰብ ብቻ ነው። (በተመላላሽ ክፍል በአንድ ጠዋት ከዚህ የሚበልጥ ቤተሰብ ለምናይ ሰዎች ይህ ቁጥር ያስቀናል።)

የሄንገለር ባልደረባ የሆነው ቻርልስ ቦርዲን በሚዙሪ ግዛት ብዙ ጊዜ የታሰሩ 176 ታዳጊዎችን ከነቤተሰባቸው በዕጣ ለሁለት ከፍሎ አጥንቷል። ለአንደኛው ቡድን ቤተሰብን ያቀፈው ሕክምና፣ ለሌላው ደግሞ ልጁን ለብቻው የማነጋገር ሕክምና ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ በአራት ዓመት ውስጥ እንደገና የታሰሩት ከመጀመሪያው ቡድን 26 በመቶ፣ ከሁለተኛው ግን 71 በመቶ ነበሩ። ልጆቹ ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ፣ ወደ 14 ዓመት ገደማ ቆይቶ በተደረገው ክትትል ልዩነቱ ቢጠብም አልጠፋም፤ 50 በመቶ በ81 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ሁለቱም ቡድን ሕክምና እንዳገኘ ልብ ይበሉ። የተለያዩት ወላጅ የሕክምናው ባለቤት በመሆኑና ባለመሆኑ ነው።

ውጤቱ በሁሉም አገር አንድ ዓይነት እንዳልሆነም ልነግርዎ ይገባል። በእንግሊዝ 684 ቤተሰቦች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ትልቅ ጥናት፣ ይህ ሕክምና ከተለመደው የአገሪቱ አገልግሎት የተሻለ ሆኖ አላገኘውም፤ በ18 ወር ውስጥ ከቤታቸው ወጥተው ወደ ተቋም ወይም ወደ ሌላ አሳዳጊ የተላኩት 13 በመቶና 11 በመቶ ነበሩ፣ ይህም ልዩነት የሚባል አይደለም። በፈልሳፊዎቹ እጅ የተሠሩ ጥናቶችም ሌሎች ከሠሯቸው ከፍ ያለ ውጤት ማሳየታቸው ሲያከራክር ኖሯል። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ በእንግሊዝ የተለመደው አገልግሎት ራሱ ማኅበራዊ ሠራተኛና የቤተሰብ ድጋፍ ያለው በመሆኑ ንጽጽሩ ከባዶ ጋር እንዳልነበረ ነው። እኛ ዘንድ የተለመደው ነገር ዱላና ስደት ስለሆነ፣ ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር ቤተሰቡን መያዝ የሚሻል መሆኑን አልጠራጠርም።

ሕክምናውን ሙሉ ቅርጹን እንደያዘ ልሰጥዎ ባልችልም፣ አካሄዱን ግን በደብዳቤዎ ላይ ላሳይዎ እችላለሁ። ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለምን ሰረቀ?» ብሎ አይደለም፤ ስልኩ የተነጠቀበትን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ በቅደም ተከተል እንዲነግሩት ነው። ልጁ ከቤት ሲወጣ ደብተር ይዞ ነበር? ከትምህርት ቤት መቅረቱን ማን፣ በስንት ሰዓት አወቀ? ከምሳ በኋላ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነበር? ማታ አምሽቶ ሲገባ ምን ተባለ፣ እራቱስ ተቀምጦለት ነበር? ብዙ ጊዜ እንዲህ ሲዘረዘር አንድ ክፍት ሰዓት ብቅ ይላል። ለምሳሌ እርስዎ ገበያ የሚውሉበት፣ አባቱ መንገድ ላይ ያሉበት፣ ልጁም ከባጃጅ ማቆሚያው ከማይጠፉት ጎረምሶች ጋር የሚሆንበት ከሰዓት በኋላ ሊሆን ይችላል። ሥራው የሚጀመረው ያንን ሰዓት በመሙላት ነው፣ የሚሞላውም በቤተሰቡ አቅም ነው፤ አጎት ሱቅ ካለው ከሱቁ ይውላል፣ የክርስትና አባቱ የሚሰማው ሰው ከሆነ እርሱ ይያዛል።

ሌላው በቅርብ የሚታየው፣ በአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት የነበረው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄራልድ ፓተርሰን ለብዙ ዓመታት በየቤቱ እየተገኘ ያጠናው የግብግብ ዑደት ነው። ልጁ ገንዘብ ይጠይቃል፤ እናት የለኝም ትላለች፤ ይጮኻል፣ በር ይደበድባል፤ እናት ጎረቤት እንዳይሰማ ብላ ትሰጠዋለች። ልጁ በዚያች ቅጽበት ጩኸት እንደሚሠራ ተማረ፤ እናትም መስጠት ጸጥታ እንደሚያመጣ ተማረች። በማግስቱ ጩኸቱ ይጨምራል። አባት ከመንገድ ሲመለስ የሳምንቱን ሁሉ ሰምቶ በአንድ ሌሊት ይገርፋል፣ በነጋታው ይሄዳል፣ እናትም አንጀቷ ስለማይችል በድብቅ ብር ታስጨብጠዋለች። ደብዳቤዎ ይህን ሁሉ አይልም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ነገር ካለ ልጁ በሁለት ሕግ መካከል እያደገ ነው ማለት ነው። ዱላው በራሱ ከሚያደርሰው ጉዳት ሌላ፣ ዘግይቶና በአንድ ጊዜ ስለሚወርድ የትኛው ጥፋት እንዳስቀጣው እንኳ ልጁ አይለየውም።

ስለዚህ ከባለቤትዎ ጋር፣ ልጁ በሌለበት፣ በሦስት ነገሮች ብቻ ተስማሙ፤ ከዚያ በላይ ካበዛችሁት አይጸናም። የመግቢያ ሰዓቱ አንድ ይሁን፤ ገንዘብ ከአንድ ሰው እጅ ብቻ ይውጣ፤ ሕግ ሲጣስ የሚመጣው ቅጣት አጭር፣ በዚያው ቀን የሚፈጸምና ሁለታችሁም የምታውቁት ይሁን፣ ለምሳሌ ለአንድ ቀን ስልክ መከልከል። ሲያከብር ደግሞ ይታይለት፣ ይነገረው። አባቱ መንገድ ላይ ቢሆኑም ማታ ማታ ደውለው ልጁን ራሱን ያነጋግሩት፤ ጥሪው ጥፋቱን ለመስማት ብቻ እንዳይሆን። ከክፍል ኃላፊ መምህሩ ጋር ስልክ ይለዋወጡና በቀረ ቀን ጠዋቱን እንዲደውሉልዎ ይጠይቁ። የጓደኞቹንም እናቶች ፈልገው ያግኙ፤ ገመናዬ ይወጣል ብለው እንደሚፈሩ አውቃለሁ፣ ነገር ግን እነርሱም እንደ እርስዎ ተደብቀው የሚያለቅሱ ሊሆኑ ይችላሉ፣ እናቶች ሲነጋገሩ ደግሞ «እነ እገሌ ቤት ነበርኩ» የሚለው ምክንያት ያበቃለታል።

ወደ መተማው አሳብ ስመለስ፣ ከመጥፎ ጓደኛ መለየት አስፈላጊ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የ14 ዓመት ልጅ በሰሊጥ ወቅት ከየአገሩ የሚመጡ የቀን ሠራተኞች በሚበዙበት ከተማ፣ ውሎውን በማያውቅ አጎት እጅ ሲገባ፣ ከጓደኛ መለየቱ ቀርቶ ጓደኛ መቀየር ብቻ ይሆናል። አጥፊ ልጆችን አንድ ላይ ሰብስቦ መምከርም ቢሆን አደጋ አለው፤ ቶማስ ዲሺየንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ አስቸጋሪ ታዳጊዎች በቡድን ሲቀመጡ አንዱ የሌላውን ጥፋት በሳቅና በአድናቆት እያጸደቀ ጠባያቸው ሊብስ እንደሚችል አሳይተዋል።

ሕጉም ቢሆን ከዚህ አሳብ አይርቅም። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ መሠረት ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ የአዋቂ ቅጣት አይቀጣም፣ ከአዋቂ እስረኞች ጋርም አይያዝም፤ ፍርድ ቤቱ በወላጅ ወይም በታመነ ሰው ክትትል ሥር እንዲሆን፣ ወይም በትምህርት ቤት ወይም በቤት ተወስኖ እንዲቆይ ማዘዝ ይችላል። ለዳኛው ልጁን ማን፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚከታተለው የሚያሳይ የቤተሰብ እቅድ ይዛችሁ ብትቀርቡ ብዙ ይረዳል።

ልጁ በአካል መታየቱ ግን አይቀርም። ከስርቆቱ ጀርባ ትኩረት ማጣት፣ የተደበቀ ሐዘን፣ ያየው አስደንጋጭ ነገር፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ወይም ጫትና መጠጥ ሊኖር ይችላል፤ እነዚህ የየራሳቸው ሕክምና ያላቸው ሲሆን ለአንዳንዶቹ መድኃኒትም ይታዘዛል። ጠበሉን አስቁሚው የሚልዎት የለም፣ ልጁ ወዶ እስከሄደ ድረስ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለና እዚያ ያቅርቡት፤ ራሴን አጠፋለሁ ካለ፣ ስለት መያዝ ከጀመረ ወይም ታናናሾቹን የሚጎዳ ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይምጡ። ሲመጡም ባለቤትዎ ከጉዞ የሚመለሱበትን ቀን መርጠው ሦስታችሁም አንድ ላይ ቅረቡ፤ ለቤቱ ሕግ የሚያወጡት ሁለቱ ወላጆች ካልተገኙ፣ ለልጁ ብቻ የሚነገረው ምክር ከበሩ አያልፍም።